የኤክሴል ፋይሎችን ከተርሚናል ወደ ሲኤስቪ ስቀይር ሺቱም፣ ፊደሉም፣ ዜሮውም እየጠፋብኝ ነው

መደርደሪያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው። ፕሮግራመር አይደለሁም፤ ተርሚናል የከፈትኩትም ይሄ ሥራ ግድ ቢለኝ ነው። ባለፉት ዓመታት የተለያዩ ሰዎች የመዘገቧቸው የመጻሕፍት ዝርዝሮች በ186 የኤክሴል ፋይሎች ተበታትነው ተቀምጠዋል። 149ኙ ኤክስኤልኤስኤክስ ናቸው፣ 37ቱ ደግሞ የድሮው ኤክስኤልኤስ። አንዱ ፋይል ሦስት ሺት አለው፣ ሌላው አራት፣ ዘጠኝ ያለውም አለ። ሁሉንም ወደ ሲኤስቪ፣ ማለትም ዓምዶቹ በኮማ ወደሚለዩበት ተራ ጽሑፍ፣ ቀይሬ አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ማስገባት አለብኝ። አንድ በአንድ እየከፈትኩ «ሴቭ አዝ» ማለት ጀምሬ ነበር። በሁለተኛው ቀን አሥራ አራተኛው ፋይል ላይ የትኛውን ሺት እንዳወጣሁ፣ የትኛውን እንደዘለልኩ ስለጠፋኝ ተውኩት።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል እንደሚተየቡ ታውቃላችሁ። እናንተም እንዲሁ ብትመልሱልኝ ለንባብ ይቀለኛል።

ሊብረኦፊስ የሚባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም ተጭኖልኛል። ይህን ሰጠሁት፦

ኤስኦፊስ --ሄድለስ --ኮንቨርት-ቱ ሲኤስቪ --አውትዲር ውጤት *.ኤክስኤልኤስ*

በመጀመሪያው ቀን ምንም አላደረገም። ስህተት አለ አላለኝም፣ ፋይልም አላወጣም፣ ዝም ብሎ ተመለሰ። በማግስቱ ኮምፒውተሩን እንዳበራሁ ያንኑ ትእዛዝ ስሰጠው ሠራ። ደስ ብሎኝ «ውጤት» የሚለውን ፎልደር ስከፍት ግን የጠበቅሁትን አላገኘሁም።

አንደኛ፣ 186 ፋይል ሰጥቼው 171 ብቻ ነው የመለሰልኝ። አሁንም ስህተት የሚል ቃል የለም።

ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ፋይል የወጣው የመጀመሪያው ሺት ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የአማርኛ ርእሶቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነዋል። «የአትክልት እንክብካቤ መመሪያ» የነበረው «?????? ?????? ????» ሆኖ ወጥቷል። የፊደሉ ብዛት እንኳ ልክ ነው፤ ፊደሉ ግን የለም።

አራተኛው ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ነው። የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ አይኤስቢኤን የምንለው፣ በአንዳንዱ ፋይል ከፊቱ ያለው ዜሮ ወድቋል፤ በሌላው ደግሞ 9.78ኢ+12 ሆኗል። የመደርደሪያ ኮዱም ነገር አለው። «3-12» ማለት እኛ ዘንድ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ አሥራ ሁለተኛው ቦታ ማለት ነው። እሱ «12-ማርች» ሆኖ ወጣ።

እነዚህን ዝርዝሮች የጻፉት ሰዎች እያንዳንዱን መጽሐፍ በእጃቸው ይዘው፣ ጀርባውን ገልብጠው አይተው ነው የመዘገቡት። አብዛኞቹ አሁን ከእኛ ጋር የሉም፤ ተመልሼ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ስለዚህ በመቀየር ላይ አንድም ረድፍ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም። ከየት ልጀምር?


አሮጌ ተርሚናል፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሳምረሽ ነው ያቀረብሽው። ስንት ሰጥተሽ ስንት እንደተመለሰልሽ መቁጠርሽ ግማሹን ሥራ ሠርቶልሻል። ብዙ ሰው ትእዛዙ ያለ ስህተት ከተመለሰ ተሳክቷል ብሎ ኦሪጅናሉን ያጠፋል። ኦሪጅናሎቹን ሌላ ቦታ ገልብጠሽ አስቀምጪ፤ ከዚያ እንቀጥል።

የመጀመሪያው ቀን ዝምታ ምክንያቱ ሊብረኦፊስ በመስኮት ተከፍቶ ስለነበር ይመስለኛል። ፕሮግራሙ ለአንድ ተጠቃሚ አንድ ፕሮፋይል ነው የሚይዘው። መስኮቱ ክፍት ሳለ በትእዛዝ ስትጠሪው አዲሱ ጥሪ ራሱን ችሎ አይነሳም፤ ብዙ ጊዜ ሥራውን ሳይሠራ ይመለሳል። በማግስቱ የሠራልሽ መስኮቱን ገና ስላልከፈትሽው ነው። መዝጋት ይበቃል። መዝጋት ካልፈለግሽ ለትእዛዙ የራሱን ፕሮፋይል ስጪው፦

-ኢንቭ:ዩዘርኢንስታሌሽን=ፋይል:///ቲኤምፒ/ለመቀየሪያ

ከፋይል ቀጥሎ ሦስት እዝባር እንደሆነ ልብ በዪ፤ ሁለት ብቻ ካደረግሽ አይሆንም።

171 የሆነበት ምክንያት ደግሞ ይህ ነው፤ ከ37ቱ የድሮ ፋይሎች አሥራ አምስቱ በአዲሱ ፎርማትም ተቀምጠው ይሆናል። «ክፍል3.ኤክስኤልኤስ» እና «ክፍል3.ኤክስኤልኤስኤክስ» ሁለቱም ሲቀየሩ «ክፍል3.ሲኤስቪ» ነው የሚሆኑት። ኋላ የመጣው የቀደመውን ይደመስሰዋል፤ ሊብረኦፊስ «ልጻፍበት ወይ» ብሎ አይጠይቅም። በተለያየ ፎልደር ያሉ ተመሳሳይ ስሞችም ወደ አንድ መውጫ ከላክሻቸው የሚደርስባቸው ያው ነው። ሁለቱን ፎርማት ለየብቻ ወደ ተለያየ ፎልደር አውጪ። ካወጣሽ በኋላ አሥራ አምስቱን ጥንዶች አስተያይ፤ አዲሱ የድሮው ቅጂ ነው ብለሽ አትነሺ። አንዳንዴ ሰው ከቀየረ በኋላም የድሮው ላይ መጻፉን ይቀጥላል።

ለሺቶቹና ለፊደሉ ትእዛዙን ረዘም ማድረግ አለብሽ፦

ኤስኦፊስ --ሄድለስ --ኮንቨርት-ቱ 'ሲኤስቪ:ቴክስት - ቲኤክስቲ - ሲኤስቪ (ስታርካልክ):44,34,76,1,,0,ፎልስ,ትሩ,ትሩ,ፎልስ,ፎልስ,-1' --አውትዲር ውጤት-አዲስ *.ኤክስኤልኤስኤክስ

ነጠላ ጥቅሶቹን አትርሺ፤ መካከል ላይ ክፍተትና ቅንፍ ስላለ ያለ እነሱ ተርሚናሉ ይቆራርጠዋል። ስታርካልክ የሚለው ስም የሊብረኦፊስ አያት ከሆነው ከስታርኦፊስ የቀረ ነው፤ አትቀይሪው፣ ማጣሪያው የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው።

ቁጥሮቹ በቦታቸው ነው የሚነበቡት። 44 የኮማ ኮድ ነው፣ በታብ እንዲለይ ከፈለግሽ በምትኩ 9 ነው። 34 ድርብ ጥቅስ ነው። 76 ዩቲኤፍ-8፣ ማለትም የእኛንም ፊደል የሚይዘው የፊደል አጻጻፍ ኮድ፣ ማለት ነው፤ የአማርኛሽ መዳኛ እሱ ነው። 1 ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምር ማለት። ዘጠነኛው ቦታ ላይ ያለችው «ትሩ» ሴሉ ለዓይን እንደሚታየው ይውጣ ትላለች፤ ወደ እሷ በኋላ እንመለስባታለን፣ የአራተኛው ችግርሽ ግማሹ ያለው እዚያ ነው። አሥራ ሁለተኛው ቦታ ላይ ያለው -1 ሁሉንም ሺት ለየብቻ አውጣ ማለት ነው፤ 0 ቢሆን የመጀመሪያውን ብቻ፣ 3 ቢሆን ሦስተኛውን ብቻ። ይህ የሚሠራው ከሊብረኦፊስ 7.2 ጀምሮ ነውና መጀመሪያ ኤስኦፊስ --ቨርዥን ብለሽ እዪ። የሚወጡት ፋይሎች ስም የፋይሉ ስም፣ ሰረዝ፣ የሺቱ ስም ይሆናል።


ጥቅስ ምልክት፦

የአቶ አሮጌ ተርሚናል መልስ ላይ ልጨምር። ሊብረኦፊስሽ ከ7.2 በታች ከሆነና ማሻሻል የማትችዪ ከሆነ ኑሜሪክ የሚባለውን የሠንጠረዥ ፕሮግራም ጫኚ፤ ከእሱ ጋር ኤስኤስኮንቨርት የሚባል ትእዛዝ ይመጣል። እኔ ከሁሉም እሱን ነው የምወደው፤ ቀላልና ፈጣን ነው።

ኤስኤስኮንቨርት -ኤስ ክፍል3.ኤክስኤልኤስኤክስ ውጤት/ክፍል3-%ኤስ.ሲኤስቪ

የመጀመሪያዋ ኤስ በትልቁ፣ ከፐርሰንት ቀጥላ ያለችው በትንሹ ነው የምትጻፈው። ትልቋ እያንዳንዱን ሺት በየፋይሉ አውጣ ስትል፣ ትንሿ የሺቱን ስም እዚህ አስገባ ትላለች። በስሙ ፋንታ ተራ ቁጥሩን ከፈለግሽ %ኤን ነው። የሺት ስም ውስጥ ክፍተት ወይም እንግዳ ምልክት ካለ በቁጥር ማውጣቱ በኋላ ከራስ ምታት ያድናል። ምን ዓይነት ፎርማት እንደሚያወጣ ማወቅ ከፈለግሽ --ሊስት-ኤክስፖርተርስ በዪው፤ ኦዲኤስንም ጨምሮ ይዘረዝርልሻል።

ሊብረኦፊስን ብትጠቀሚም ኑሜሪክን ብትጠቀሚም፣ ከመቀየርሽ በፊት ግን በአጠቃላይ ስንት ሺት እንዳለሽ በሌላ መሣሪያ ቁጠሪ። ሲኤስቪኪት የሚባል የፓይተን ጥቅል አለ፤ ከውስጡ ኢን2ሲኤስቪ የሚለውን ወስደሽ፦

ለእያንዳንዱ ፋይል፦ ኢን2ሲኤስቪ --ኔምስ ክፍል3.ኤክስኤልኤስኤክስ

የሺቶቹን ስም በየመስመሩ ያወጣል። በፎር ሉፕ ሁሉንም አስኪደሽ መስመሮቹን ብትቆጥሪ የምትጠብቂውን ቁጥር ታገኛለሽ። የድሮውንም ፎርማት ያነባል። አንድ መሣሪያ የቀየረውን ያው መሣሪያ ቢቆጥረው የራሱን ስህተት አያይም፤ ስለዚህ ነው ሌላ የምልሽ።

ለመቀየር ራሱን ኢን2ሲኤስቪን ከተጠቀምሽ ግን --ኖ-ኢንፈረንስ የሚለውን ጨምሪበት። ያለ እሱ የዓምዱን ዓይነት ይገምታል፤ ጽሑፍ ሆኖ በደህና የተቀመጠውን ቁጥር ሊያነሳና ከፊቱ ያለውን ዜሮ ሊጥል ይችላል።


ባይት፦

ስለ ጥያቄ ምልክቱ አንድ ነገር ልበል፤ ሰዎች ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን እንደ አንድ ስለሚያዩ ነው።

«?» ካየሽ ፊደሉ ጠፍቷል። ፋይሉ ሲጻፍ የእኛን ፊደል በማያውቅ ኢንኮዲንግ (የፊደል ኮድ) ስለተጻፈ፣ ላላወቀው ፊደል ሁሉ አንድ አንድ የጥያቄ ምልክት አስቀምጧል። ብዛቱ ልክ የሆነልሽ ለዚህ ነው። ያ ሲኤስቪ ከእንግዲህ አይድንም፤ ጣይውና ከኦሪጅናሉ እንደገና አውጪ። የኢንኮዲንግ ቁጥሩን ሳትሰጪው ሊብረኦፊስ የሚመርጠው እንደ ኮምፒውተሩ ቅንብር ስለሆነ፣ አንዱ ማሽን ላይ የሠራ ትእዛዝ ሌላው ላይ ጥያቄ ምልክት ሊያወጣ ይችላል። 76 የሚለው ለዚህ ነው የግድ የሚሆነው።

ሌላው በሽታ ደግሞ በአንዱ ፊደል ፋንታ ሦስት ሦስት እንግዳ ምልክት መታየቱ ነው። እሱ አያስደነግጥም፤ ባይቱ ሙሉ ነው፣ የተሳሳተው አንባቢው ነው። በዩቲኤፍ-8 የዘወትር ፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይይዛሉ፤ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። አንባቢው ዊንዶውስ-1252 ነው ብሎ ካነበበው 225 ላይ ጭረት ያለባት ትንሽ የላቲን ኤ ትሆናለች። ጽሑፉ በሙሉ በየሦስት ምልክቱ ያቺው ኤ የምትመላለስበት ከሆነ አማርኛሽ ከሥር በሰላም አለ።

ኤክሴል ሲኤስቪን በድርብ ክሊክ ሲከፍት ይህን ስህተት ብዙ ጊዜ ይሠራል። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ 239፣ 187፣ 191 የሚሉ ሦስት ባይቶች፣ ቦም የሚባሉት፣ ካሉ ግን ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ያውቃል። አንቺ ወደ ዳታቤዝ ስለምትወስጂው ቦም አትጨምሪ፤ አንዳንድ ዳታቤዝ ከመጀመሪያው ዓምድ ስም ጋር አጣብቆ ይወስደውና «ርእስ» የሚል ዓምድ የለም ይልሻል። ለዓይን የሚታይ ነገር ስለሌለ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲፈልገው ይውላል።

እባክሽ ደግሞ የወጣውን ሲኤስቪ ለማየት ብለሽ በኤክሴል ከፍተሽ ሴቭ እንዳትዪው። ዜሮውን የሚጥለው፣ ረጅሙን ቁጥር ወደ 9.78ኢ+12 የሚያሳጥረው፣ ኮዱን ቀን የሚያደርገው እዚያ ነው። ለማየት ብቻ ከሆነ ሌስ በሚለው ትእዛዝ እዪው።


መደርደሪያ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሦስታችሁም። ሊብረኦፊሴ 7.4 ስለሆነ ረጅሙን ትእዛዝ ሰጠሁት።

አሥራ አምስቱ ጥንዶች አቶ አሮጌ ተርሚናል እንዳሉት ሆነው ተገኙ። በአሥራ ሁለቱ ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ናቸው። በሦስቱ ግን የድሮው ፋይል በአዲሱ ውስጥ የሌሉ ረድፎች አሉት፤ አንዱ ላይ 88 መጻሕፍት። እርስዎ ባይነግሩኝ የድሮውን ትቼው ነበር፤ አመሰግንዎታለሁ።

በኢን2ሲኤስቪ ስቆጥር በ186ቱ ፋይሎች ውስጥ 731 ሺት አለ። የወጣው ሲኤስቪም 731 ሆነ። አማርኛውም ተመልሷል፤ «የአትክልት እንክብካቤ መመሪያ» ቁጭ ብላለች።

የቀረኝ የቁጥሩ ነገር ነው። ሦስት ዓይነት ፋይል አለኝ። በአንዳንዱ 0306406152 ከነዜሮው ወጥቷል። በአንዳንዱ 306406152 ነው። በአንዳንዱ ደግሞ ባለ 13 አኃዙ 9.78ኢ+12 ነው። ያው አንድ ትእዛዝ እንዴት ሦስት ዓይነት ውጤት ይሰጣል? ኮዱስ «12-ማርች» ከሆነ በኋላ ይመለሳል?


አሮጌ ተርሚናል፦

አሁን ወደዚያች ዘጠነኛ ቦታ እንመለስ።

አንድ ሴል ሁለት ነገር አለው፤ ገላና ልብስ በዪው። ገላው የተቀመጠው ዋጋ ነው፣ ልብሱ ለዓይን የሚታይበት ፎርማት ነው። ከተርሚናል ስትቀይሪ መሣሪያው ከሁለቱ አንዱን ነው የሚያወጣልሽ፤ የትኛውን እንደሆነ አንቺ ማወቅ አለብሽ።

በገዛ ዓይንሽ እዪው። ኤክስኤልኤስኤክስ ማለት ዚፕ ነው። አንዱን ፋይል ገልብጠሽ አንዚፕ ብትዪው ኤክስኤል፣ ከዚያ ዎርክሺትስ በሚል ፎልደር ውስጥ ሺት1.ኤክስኤምኤል ታገኛለሽ። ሲ14 የሚለውን ሴል ፈልጊ። ከአጠገቡ «ቲ» የሚል ባሕርይ «ኤስ» ተብሎ ከተሰጠው ጽሑፍ ነው፤ ውስጡ ያለው ቁጥር የጽሑፉ ተራ ቁጥር ብቻ ነው፣ ጽሑፉ ራሱ ሼርድስትሪንግስ በሚለው ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ያ ባሕርይ ከሌለውና ውስጡ 306406152 ካለ ግን ቁጥር ሆኖ ነው የተቀመጠው፤ ዜሮዋ ፋይሉ ውስጥ የለችም።

እንግዲህ የአንቺ ሦስት ዓይነት ፋይሎች እነዚህ ናቸው። ከነዜሮው የወጣው ወይ ጽሑፍ ነው፣ ወይ ገላው 306406152 ሆኖ «አሥር አኃዝ አድርገህ አሳየው» የሚል ልብስ ለብሷል። «ትሩ» ስላልሽ በልብሱ ወጣ። ያንኑ ፓንዳስ በሚባለው የፓይተን ጥቅል ወይም በኢን2ሲኤስቪ ብታወጪው ዜሮዋ ትወድቅ ነበር። ሁለተኛው ልብስም የለው፣ ዜሮም የለው። ሦስተኛው ገላው ሙሉ ነው፤ 13 አኃዝ ኤክሴል በትክክል ከሚይዘው 15 አኃዝ በታች ስለሆነ ውስጡ 9780306406157 ብሎ በደህና ተቀምጧል። ሰው ወይም ኤክሴል የሳይንሳዊ አጻጻፍ ልብስ ስላለበሰው ግን በልብሱ ስታወጪው 9.78ኢ+12 ሆነ። ለእነዚያ ፋይሎች ብቻ ገላውን አውጪ። እኔ ብሆን በፓንዳስ ሪድኤክሴልን ሺትኔም=ነን፣ ዲታይፕ=ኤስቲአር፣ ኪፕዲፎልትኤንኤ=ፎልስ ብዬ እጠራው ነበር። የመጀመሪያው ሁሉንም ሺት ያነብልሻል፣ ሁለተኛው ሁሉን እንደ ጽሑፍ ይይዝልሻል፣ ሦስተኛው ደግሞ «ኤንኤ» ወይም «ነል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሴል ባዶ ነው ብሎ እንዳይጥለው ይከለክለዋል። ያለ እነዚህ ሦስቱ አትጥሪው።

ዜሮዋ ጨርሶ ለሌለችበት ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለሽ፤ አይኤስቢኤን ራሱን የሚፈትሽ ቁጥር ነው። ባለ አሥር አኃዙን ከግራ ጀምረሽ በ10፣ በ9፣ በ8 እያልሽ እስከ 1 አባዢና ደምሪ። ድምሩ ለ11 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። 306406152ን ከፊቱ ዜሮ ጨምሪበትና እዪ፦ 0፣ 27፣ 0፣ 42፣ 24፣ 0፣ 24፣ 3፣ 10፣ 2። ድምሩ 132፤ ለ11 ሲካፈል 12። ስለዚህ ዜሮዋ የእሱ ናት። ፓይተን ላይ ከፊት ዜሮ እየሞላ አሥር አኃዝ የሚያደርገውን ዚፊል(10) ካልሽ በኋላ ይህን ስሌት በሁሉም ላይ አስኪጂ።

ኮዱ ላይ ግን እውነቱን ልንገርሽ። «3-12» ጽሑፍ ባልሆነ ሴል ላይ ሲተየብ ኤክሴል ያኔውኑ ቀን አድርጎታል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከተተየበና ወር በሚቀድምበት ኮምፒውተር ከሆነ ገላው 43536 ነው፤ ያም ማርች 12፣ 2019 ማለት ነው። ቀን በሚቀድምበት ኮምፒውተር ቢሆን ዲሴምበር 3 ይሆን ነበር። ሁለተኛው ቁጥር ለቀን የማይሆን ትልቅ ከሆነ ዓመት ነው ብሎ ይወስደዋል፤ «3-72» ማርች 1፣ 1972 ይሆናል። እንግዲህ የሚመለሰው ፋይሉ በየትኛው ዓይነት ኮምፒውተር እንደተጻፈ ካወቅሽ ነው። ይህ የአንቺ ብቻ ችግር እንዳይመስልሽ፤ የሰው ጂኖችን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ በ2020 እ.ኤ.አ. ኤክሴል ቀን እያደረገ ስላስቸገረ ማርች1 ይባል የነበረውን ጂን ማርችኤፍ1፣ ሴፕት1 የነበረውን ሴፕቲን1 ብሎ እስከመቀየር ደርሷል።


ባይት፦

አቶ አሮጌ ተርሚናል ጨርሰውታል። ረድፎቹን በደብሊውሲ -ኤል ከቆጠርሽ ግን ቁጥሩ ቢበልጥ አትደንግጪ፤ እሱ የሚቆጥረው መስመር እንጂ ረድፍ አይደለም። ሲኤስቪስታት --ካውንት ረድፉን ይቆጥርልሻል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ማንም «በድሮው ፎርማት ይሁንልኝ» ብሎ ቢጠይቅሽ ደግሞ ወደ ኤክስኤልኤስ አትመልሺው። ያኛው አንድ ሺት ላይ ከ65,536 ረድፍ በላይ አይይዝም፤ ኤክስኤልኤስኤክስ 1,048,576 ይይዛል። በ2020 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ 15,841 የኮቪድ ሕሙማን ከዕለታዊው ሪፖርት ቀርተው የነበሩት በዚሁ የድሮ ፎርማት ምክንያት ነው።


መደርደሪያ፦

አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ የደረስኩበትን ልጻፍላችሁ፣ ሌላም ሰው ይህን ፍለጋ ሊመጣ ይችላል።

ፋይሎቹን በሦስት ፎልደር ከፈልኳቸው። በልብሳቸው መውጣት ያለባቸውን በሊብረኦፊስ፣ በገላቸው መውጣት ያለባቸውን በፓንዳስ፣ ዜሮ የሌላቸውን ደግሞ በሊብረኦፊስ አውጥቼ በፓይተን አሥር አኃዝ አድርጌ። ለመክፈል ሁሉንም መክፈት አላስፈለገኝም፤ ከወጣው ሲኤስቪ ውስጥ ዘጠኝና ስምንት አኃዝ ያለውንና «ኢ+» የሚል ያለበትን ግሬፕ በሚባለው የመፈለጊያ ትእዛዝ ፈለግሁ።

አንድ ነገር ግን በጣም አስገረመኝ። ዜሮ በጠፋባቸው ዓምዶች ውስጥ እዚህም እዚያም ዜሮውን ይዞ የቀረ አለ። ምክንያቱን ለማግኘት ደጋግሜ ሳያቸው ሁሉም መጨረሻቸው «ኤክስ» ነው። የመፈተሻው አኃዝ አሥር ሲሆን በኤክስ ነው የሚጻፈው፤ ፊደል ስላለበት ኤክሴል ቁጥር ሊያደርገው አልቻለም፤ ስለዚህ ከነዜሮው ጽሑፍ ሆኖ ቀረ። የጻፉት ሰዎች ዜሮውን ጽፈውት እንደነበር ያወቅሁት በእነሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ሳይጽፉት ቀርተው ይሆናል ብዬ ስጠረጥራቸው ነበር።

ዜሮ የተመለሰላቸው 1,142 ናቸው። ስሌቱን 1,139ኙ አለፉ። ሦስቱ አላለፉም፤ መጻሕፍቱን ከመደርደሪያ አውርጄ ጀርባቸውን አየሁ፤ አንዱ ላይ 1 እና 7 ተለዋውጠዋል፣ ሁለቱ ላይ አንድ አንድ አኃዝ ቀርቷል። ዜሮው ትክክል ነበር።

የረድፉ ቁጥር እንደተባለው ሆነ። ደብሊውሲ 49,048 አለኝ። ሲኤስቪስታት የቆጠረው 48,296 ነው፤ የ731ዱ ሺቶች ርእስ ረድፍ ሲጨመርበት 49,027። ሃያ አንድ ይበልጣል። ባይት ባይነግረኝ ኖሮ ሌሊቱን አልተኛም ነበር። ሃያ አንዱም የተገኙት ርእስ ዓምድ ውስጥ ነው፤ ረጅም ርእስ የመዘገበ ሰው ሴሉ ውስጥ ኦልትና ኤንተር ተጭኖ ወደ ታች አውርዶታል። ሲኤስቪው በድርብ ጥቅስ ውስጥ ይዞታል፤ ዳታቤዙም ሳያማርር ተቀብሎታል።

ቀን የሆኑት የመደርደሪያ ኮዶች 64 ናቸው። 52ቱን መለስኳቸው፤ በየፋይሉ ሌላ ቦታ ላይ የተጻፉት ቀኖች ወር ቀዳሚ መሆናቸውን ስላየሁ ኮምፒውተሩን ማወቅ ቻልኩ። አሥራ ሁለቱ ያሉበት ፋይል ውስጥ ግን ሌላ ቀን የለም። 3-5 ይሁኑ 5-3 ከፋይሉ ማወቅ አልቻልኩም። ዝርዝራቸውን በወረቀት ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ ሰኞ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ሄጄ ሁለቱንም መደርደሪያ አያለሁ።

የመደርደሪያ ኮድ ዓምዱን በአዲሱ ዳታቤዝ ውስጥ ጽሑፍ አድርጌዋለሁ። አይኤስቢኤኑንም።